ዳቦ ጋጋሪው ያልተናገራቸው ሁለት ደቂቃዎች

ለተከበሩ የጸሎት ቤታችን የዕርዳታ ቢሮ ኃላፊ
ግልባጭ፦ በውኃ መቅጃው ግድግዳ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ትልቁ ማቀዝቀዣዎ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። የመስኮቶቼ መስታወት ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ የሰማሁትን ወሬ ላርም። ባለፈው ማክሰኞ በቢሮዎ አዳራሽ ውስጥ ካሜራ ያዡን በከዘራ መታችው ይባላል። ከዘራ የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። በእጄ የነበረው ጃንጥላ ነው። ሰውም አልመታሁም። ጃንጥላውን ከፍቼ በካሜራው ፊት ለአንድ ደቂቃ ያህል ያዝሁት፤ ከዚያም አጥፌ ወደ ቦታው መለስሁት። ወጣቱ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ወንበር አደናቅፎት መውደቁ እውነት ነው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እሱም ልብሱን እያራገፈ «ምንም አይደል እማማ፣ ወንበሩ ነው ጥፋተኛው» ብሎኛል። ወንበሩን የሚከስ ካለ እኔ ምስክር ነኝ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ደግሞ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት በቴሌግራም ቤት የሠራሁ፣ አሁን ረቡዕ ረቡዕ በዕርዳታ ቢሮው መጋዘን አሮጌ ልብስ የምለይ፣ በጸሎት ቤታችን በሦስተኛው አግዳሚ በስተግራ ጫፍ የምቀመጠው አሮጊት ነኝ። በቴሌግራም ቤት አንድ ትርፍ ቃል የጻፈ ሠራተኛ ይቀጣ ነበር። ዛሬ ግን ቃል አልቆጥብም፤ የማይናገር ሰው ድርሻም እጄ ላይ ስላለ።

ጉዳዩ ይህ ነው። ከእኔ ክፍል በታች የሚኖረው ዳቦ ጋጋሪ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ያለው ኢንሱሊን እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ይበቃዋል። የክሊኒኩ መድኃኒት ቤት ከተቃጠለ ወዲህ በዚህ ከተማ ኢንሱሊን የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በእርስዎ ማቀዝቀዣ ውስጥ። ከማቀዝቀዣው የሚወጣውም ተረጂው ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ በካሜራ ፊት ለሁለት ደቂቃ የምስጋና ምስክርነት ከሰጠ በኋላ ነው። ዳቦ ጋጋሪው አይናገርም። የክሊኒኩ ነርስ ያለ መድኃኒቱ ስንት ቀን ሊቆይ እንደሚችል ስጠይቃት፣ ሁለት ጣት አሳይታኝ ፊቷን አዞረች።

ቅሬታዬን በቁጥር ከመዘርዘሬ በፊት የሚገባዎትን ልስጥዎ። ያለ እርስዎ ቢሮ ይህ ሰፈር ባለፈው ክረምት አልቆ ነበር። ዱቄቱን የሚያመጣው ሾፌር የመኪናውን የፊት መስታወት ጥይት ሁለት ቦታ በስቶበት፣ ቀዳዳውን በፕላስተር ለጥፎ በማግስቱ ተመልሶ ሄዷል። ሾርባ የሚቀቅሉት እናቶች እጃቸው ተልጦ እንኳ አላረፉም። እኔም በለበስሁት የሱፍ ሹራብ ለቢሮዎ ባለዕዳ ነኝ። ይህንን የምጽፈው ያለ ምጸት ነው፤ እንዳይደናገሩ ብዬ አስቀድሜ አሳወቅሁ። ከዚህ በታች ላለው ግን ዋስትና አልሰጥም።

አንደኛ። በመድረኩ ወለል ላይ በጠመኔ የተሠመረውን ኤክስ አደንቃለሁ። የተራበ ሰው የት መቆም እንዳለበት ያውቅ ዘንድ እንዲህ በግልጽ የተመለከተለት ጊዜ ትዝ አይለኝም። የዱቄቱ ከረጢት ጽሑፉ ወደ ካሜራው እንዲዞር፣ ሕፃን የያዘች እናት ሕፃኑን ከከረጢቱ በላይ ከፍ አድርጋ እንድትይዝ የወጣውም መመሪያ ታስቦበት የተሠራ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጇን የቀበረች አንዲት ሴት ምስክርነቷን እንድትደግም ተደርጋለች። የቢሮዎ መዝጋቢ «እትዬ፣ ፊትዎ ትንሽ ፈካ ይበል፤ ለጋሾቹ እንዳይከፋቸው» አለቻት። ሴትዮዋም ፈካ አለች። ያንን ፈገግታ እኔ አይቻለሁ፤ ለጋሾቹም አይተውት ከሆነ እንቅልፍ ይስጣቸው።

ሁለተኛ። ዳቦ ጋጋሪው ለምን እንደማይናገር ለእርስዎ የነገረዎት ያለ አይመስለኝም፤ ነግረውዎት ከሆነም ቅሬታዬ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ይህን ሰው ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይለው ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋም። እኔ ወሬኛ ሰው አልወድም፤ እሱም ይህንን ስለሚያውቅ ይብስበት ነበር። አንድ ቀን «እትዬ፣ የዛሬው ዳቦ ልክ እንደ እርስዎ ነው» አለኝ። እንዴት ብዬ ብጠይቀው፣ «ውጪው ጠንካራ፣ ውስጡም ጠንካራ!» ብሎ ወረፋውን ሁሉ በሳቅ ጨረሰው። ለሁለት ሳምንት ዳቦ ሌላ ቦታ ገዛሁ። የሌላው ዳቦ ግን አልጣመኝም፤ ተመለስሁ።

ዳቦው ከምድጃ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ወደ መስኮቶቻችን ቀና ብሎ ይጣራ ነበር። «ወጣ! ወጣ! ትኩሱ ወጣ! የተኛ ይነሣ፣ ያኮረፈ ይታረቅ!» ሰዓት የማያስፈልገው ሰፈር ነበርን። በዚያ ቀንም እንዲሁ ተጣራ። ሰዎች ወረዱ፣ ተሰለፉ፤ ሰልፉ ላይ የከባድ መሣሪያ አረር ወደቀበት። አሥራ አንድ ሰው ሞተ። ከአሥራ አንዱ አንዷ ጠዋትና ማታ መርፌውን ትወጋው የነበረች እኅቱ ናት። እኔ የተረፍሁት ጫማዬን ሳልቦርሽ ከቤት ስለማልወጣ ነው። ሁለተኛውን እግር እየቦረሽሁ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁን የሰማ የለም። ሐኪም ጉሮሮው ጤነኛ ነው ብሏል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን በዚያ ድምፅ የመጨረሻ ጊዜ የተጠሩት ሰዎች የት እንዳሉ አውቃለሁ። እሱም ያውቃል።

ሦስተኛ። አሁን መርፌውን የምወጋው እኔ ነኝ። መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ሸክላ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ጨርቁንም በየሦስት ሰዓቱ አርሳለሁ። ይህ ሥራ እኔን አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ አደባባዩ ነው። እርስዎ ቢሮ ለመድረስ አደባባዩን መሻገር ግድ ነው፤ ከረጅሙ ሕንፃ ላይ ሆነው የሚተኩሱት ሰዎች ደግሞ ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ድረስ ብዙውን ጊዜ አይተኩሱም። ቁርስ ላይ ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ። ያ ሰዓት ካለፈብን ለመመለስ ጨለማን እንጠብቃለን። በሰባ ስምንት ዓመቴ መሮጥ አልችልም፤ ዳቦ ጋጋሪው መሮጥ አይፈልግም። ክንዴን ይዞ፣ ሁልጊዜ በሚተኮስበት በኩል ሆኖ ይራመዳል። ቦታ እንቀያየር ብዬ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ጆሮውም የማይሰማ መሰለ።

ማክሰኞ እንዲህ ሆነን መጣን። ኤክሱ ላይ ቆመ። ካሜራ ያዡ በጣቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠረለት። መዝጋቢዋ «አባባ፣ ስምዎንና ‹ተመስገን› ብቻ ይበሉ፤ ሌላውን እኛ እናስተካክለዋለን» አለችው። ዳቦ ጋጋሪው አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተ። አንገቱ ላይ ያሉት ሥሮች ተገተሩ፣ ግንባሩ ላብ አወጣ፣ ከእሱ ኋላ ሰባ የሚያህል ሰው ዕቃውን ታቅፎ ቆሞ ያያል፤ ካሜራው ይቀዳል። ጃንጥላው የተከፈተው በዚህ ጊዜ ነው። እርስዎም በታላቅ ትዕግሥት «እማማ፣ ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ ሲሻለው ይምጣ» አሉኝ። ሲሻለው! መድኃኒቱን የምንፈልገው እንዲሻለው መሆኑን በዚያ ሰዓት ማስታወስ ነበረብኝ፤ ጃንጥላ በማጠፍ ላይ ስለነበርሁ አመለጠኝ።

አራተኛ። በማግስቱ፣ ትናንት ረቡዕ፣ እንደገና ተሻግረን መጣን። መዝጋቢዋ ደግ ልጅ ናትና አንድ መላ አመጣች፤ እኔ ምስጋናውን ላነብብለት፣ እሱ ራሱን ሊነቀንቅ። እኔም እሺ አልሁ። አነብብ የነበረው የሌላ ሰው ቃል ነው፤ ያንን ደግሞ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። እርስዎ ግን ብዙ ካሰቡ በኋላ ከለከሉ። «ያልተናገረውን ተናገረ ማለት ሐሰት ነው፤ በእግዚአብሔር ቤት ሐሰት አንሠራም» አሉ። ቀጥለውም «ደግሞ ለአንዱ ከፈቀድን ነገ ሁሉም ድዳ ነኝ ይላል» አሉ።

ክቡር ሆይ፤ ስለ ሐቀኝነትዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ በዓይኔ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው። ፊትዎ ላይ ያየሁት ጭንቀት እውነተኛ ነበር። አንድን ሰው ያለ መድኃኒት ወደ ቤቱ የሚሰድድ ሰው እንዲህ ንጹሕ ኅሊና ይዞ ሊያደርገው እንደሚችል አላውቅም ነበርና ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ቅዱስ ቃልን ልጠቅስልዎ አልደፍርም፤ በግድግዳዎ ላይ ከእኔ ይልቅ ለእርስዎ የቀረበ ብዙ ተሰቅሏል።

አምስተኛ። የመድረኩ መብራቶች ሲበሩ ጀነሬተሩ ስለማይችል ማቀዝቀዣው ይነቀላል። ምስክርነቱ በረዘመ ቁጥር መድኃኒቱ ይሞቃል። ይህን የነገረኝ የለም፤ ሶኬቱ አጠገብ ተቀምጬ ሦስት ሰዓት ሙሉ አይቼዋለሁ።

ስድስተኛ፤ እውነቱን ለመናገር ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚህ ነው። ትናንት ከከለከሉን በኋላ የረቡዕ ሥራዬ ስለሆነ ዳቦ ጋጋሪውን የመጋዘኑ በር አጠገብ አስቀምጬ ልብስ ልለይ ገባሁ። በሩ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ የለጋሾቹ ደብዳቤ ተለጥፏል። በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ያንን ቋንቋ ያስተማሩኝ መምህር በተሳሳትሁ ቁጥር የጣቴን ጫፍ በማስመሪያ ይመቱኝ ስለነበር እስከ ዛሬ ድረስ በደንብ አነብበዋለሁ። ለብዙ ወራት ከበሩ ፊት ስሠራ ኖሬ አንድም ቀን ቀና ብዬ አለማንበቤ የራሴ ጥፋት ነው፤ በቁጥር ከዘረዘርኋቸው ጋር ይደመርልኝ።

ለጋሾቹ እንዲህ ይላሉ፦ ለመጽሔታቸው በየሦስት ወሩ ሦስት አጫጭር ምስክርነቶች ቢደርሷቸው ይበቃቸዋል፤ ፈቃደኛ ሰው ካልተገኘም እንዳትጨነቁ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሦስት ነው የሚለው። በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ በኩራት የተጻፈው የተቀዱ ምስክርነቶች ቁጥር ደግሞ አራት መቶ አሥራ አንድ ነው። ጦርነቱ ለሠላሳ አራት ዓመት ቢቀጥል እንኳ ይበቃል፤ ሦስትም ይተርፋል። ማንም ያላዘዘዎትን፣ ማንም ያልጠየቀዎትን ሥርዓት፣ ከጠየቁት በላይ እንሥራ ብላችሁ በቅን ልብ አወጣችሁት። የጸሎት ቤታችንን ሰው የማውቅበት ጠባይ ይህ ነው፤ አንድ ወንበር አምጣ ሲባል አግዳሚውን ሁሉ ይሸከማል፤ ከዚያም መቀመጫ ያጣውን ሰው ምስጋና ቢስ ይለዋል።

በዚያው ቀን ካልሲ በሞላበት ካርቶን ውስጥ የታጠፈች ወረቀት አገኘሁ። አንድ ሰው እንዲህ ጽፎባታል፦ «ለሚያደርገው ሰው፤ እግርህ ይሙቅ። መልስ አትጻፍልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል።» ካልሲውን ለዳቦ ጋጋሪው ሰጠሁት። ወረቀቷንም አሳየሁት፤ ረጅም ሰዓት ይዟት ቆየ። ካልሲውን ያለ ምስክርነት በመስጠቴ ልቀጣ የሚገባኝ ከሆነ አድራሻዬን ያውቁታል።

አሁን ስለ ፍርሃትዎ ትንሽ ልጻፍ፤ ስለማውቀው። ባለፈው ክረምት ዕርዳታው ለአምስት ሳምንት በተቋረጠ ጊዜ በገዛ እጅዎ የቀበሯቸውን ሰዎች ቁጥር እኔም አውቃለሁ፤ አብሬ ቆሜ ነበርና። የመጨረሻውን መቃብር ሲጨርሱ አካፋው ላይ ተደግፈው «ረሱን» ሲሉ ሰምቻለሁ። ምስክርነቱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ለጋሾቹ ዳግመኛ እንዳይረሱን ነው፤ ይገባኛል። ስለዚህም ክፉ ሰው ነዎት ብዬ አልጻፍሁም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ወረቀት ባላባከንሁ ነበር። በቴሌግራም ቤት ሳለሁ የስንቱን ሰው የሞት መርዶ፣ የስንቱን የልደት ብሥራት በዚህ እጄ አሳልፌአለሁ። መልእክቱን ሳላስረክብ «በመጀመሪያ አመስግነኝ» ብዬ በር ላይ የቆምሁበት ቀን ግን የለም። አለቃዬም እንዲህ ያለ ነገር ብሠራ ከማባረሩ በፊት ያሳክመኝ ነበር።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማቀዝቀዣው ይከፈትና የዳቦ ጋጋሪው መድኃኒት ለዳቦ ጋጋሪው ይሰጥ። በአራት ሰዓት ቁርሳቸውን የሚጨርሱ ሰዎች ስላሉ ብንፋጠን ደስ ይለኛል።

የጊዜዎን ውድነት፣ የሥራዎን ብዛት፣ የማቀዝቀዣዎንም ቁልፍ ክብደት በመረዳት፣ ስለ ትዕግሥትዎ እያመሰገንሁ፣ ደግሞም እስከ ነገ ጠዋት ብቻ የሚበቃ አክብሮቴን በሙሉ እያቀረብሁ፣

የሦስተኛው አግዳሚ የግራ ጫፍ ተቀማጭ፣
የረቡዕ ልብስ ለዪ፣
የዳቦ ጋጋሪው መርፌ ወጊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እስከዚያ ውሳኔ ካልሰጡ ነገ የማደርገውን እነሆ፤ ድንገተኛ ነገር እንደማይወዱ አውቃለሁና።

ጫማዬን እቦርሻለሁ፤ ሁለቱንም።

ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንሥቼ የቀረውን አያለሁ። መስታወት ስለሌለ ብርሃኑ ጥሩ ነው።

የመጨረሻውን መርፌ እወጋዋለሁ።

ልክ በሁለት ሰዓት አደባባዩን እንሻገራለን። በዚህ ጊዜ በሚተኮስበት በኩል የምሄደው እኔ ነኝ፤ ይህንን ዛሬ ማታ በጽሑፍ አስታውቀዋለሁ፤ መናገር ባይችል ማንበብ ይችላል።

ጃንጥላዬን ካሜራ ያዡ እንዳይሠጋ ለበር ጠባቂው አስረክባለሁ።

ከዚያ ዳቦ ጋጋሪውን ኤክሱ ላይ አቆመዋለሁ፤ እኔም ከጎኑ እቆማለሁ። መብራቱ ይብራ፤ ካሜራው ይቅዳ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣ በሰዓቴ እየቆጠርሁ፣ ሁለታችንም ዝም እንላለን። ምስክርነቱ ይኸው ነው፤ አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። ሁለቱ ደቂቃ ሲሞላ እጄን እዘረጋለሁ፤ መድኃኒቱ እስኪቀመጥበት ድረስም አላጥፈውም።